ጅራፍ የሚያጮህ እጅ ውድ ዘንግ አያሻውም

ነሐሴ ሲገባ በብቸናና በሞጣ ዙሪያ ያለው መስክ በጅራፍ ጩኸት ይሞላል። ቡሄ እስኪደርስ እረኞቹ እየተፎካከሩ ያጮሃሉ። ጅራፉን ቀረብ ብሎ ላየው ሰው ትልቅ ብልሃት አለበት፤ እጀታው ጋ ወፍራም ነው፣ እየራቀ በሄደ ቁጥር ይቀጥናል፣ ጫፉ ላይ ክር ያህል ይሆናል። ልጁ ክንዱን ወደ ኋላ ይወስድና ገመዱ ከጀርባው ተዘርግቶ እስኪያልቅ ለቅጽበት ይታገሣል፤ ከዚያ ወደ ፊት ይመልሰዋል። ከክንዱ የተነሣው ኃይል ከወፍራሙ ወደ ቀጭኑ ሲሻገር ፍጥነቱ እየጨመረ ይሄዳል፤ የምንሰማው ጩኸትም ጫፉ ከድምፅ ፍጥነት በልጦ ሲወረወር የሚፈጥረው ነው። በሌላው ዓለም ፍላይ ፊሺንግ የሚባለው፣ በላባ የተሠራች ሐሰተኛ ዝንብ ወርውሮ ዓሣ የማጥመድ ሙያ ከዚህ የተለየ መሠረት የለውም። ዘንጉ እጀታው ነው፣ ክሩ ጅራፉ ነው፣ ዝንቧ ጫፉ ላይ ናት፤ ልዩነቱ ዓሣ አጥማጁ ጫፉ ሳይጮህ ለስለስ ብሎ ውሃው ላይ እንዲያርፍ መፈለጉ ብቻ ነው። ይህን የተረዳ ጀማሪ የትኛው ዕቃ ገንዘብ እንደሚገባውና የትኛው እንደማይገባው ሻጭ ሳይነግረው ያውቃል።

ነገሩ ግልጽ እንዲሆን ጅራፍን ከወንጭፍ ጋር እናነጻጽር። ልጆች ወንዝ ዳር በመንጠቆ ሲያጠምዱ ክሩ ላይ ድንጋይ ወይም የብረት ቁራጭ አስረው ይወረውራሉ። የሚሄደው ክብደቱ ነው፤ ክሩ ተጎትቶ ይከተለዋል። ይህ የወንጭፍ አሠራር ነው። የላባ ዝንብ ግን ከአንድ ግራም ስለምታንስ ብትወረውሯት እግራችሁ ሥር ትወድቃለች። ስለዚህ ክብደቱ ወደ ክሩ ተዛወረ፤ ክሩ ራሱ ከብዶ እንደ ጅራፍ እየተዘረጋ ዝንቧን ይዟት ይሄዳል። የአሜሪካ የማጥመጃ ዕቃ አምራቾች ማኅበር እ.ኤ.አ. በ1961 ክሮችን በክብደታቸው ቁጥር ሰጣቸው፤ የመጀመሪያው 9 ሜትር ያህል ርዝመቱ 9 ግራም ገደማ የሚመዝነው ቁጥር 5 ተባለ፣ 10 ግራም ከፍ የሚለው ቁጥር 6። ዘንጎች ላይ የሚጻፈው ቁጥርም ይኸው ነው፤ ዘንጉ የትኛውን ክር እንደሚሸከም ይናገራል እንጂ ስለ ጥራቱ አንዳች አይናገርም። ቁጥር 8 የተጻፈበት ከቁጥር 5 የተሻለ መስሎት ጨምሮ የሚከፍል ጀማሪ የማያስፈልገውን ክብደት በገንዘቡ ገዛ ማለት ነው።

አሁን ወደ ዋጋው እንምጣ። በውጭ አገር ለጀማሪ ተብሎ ዘንግ፣ ክር መጠቅለያና ክር አንድ ላይ ሲሸጥ በአብዛኛው ከ100 እስከ 200 ዶላር ያወጣል፤ ስመ ጥሩ ዘንግ ለብቻው 1,000 ዶላር የሚጠየቅበት ጊዜ አለ። ሐምሌ 22 ቀን 2016 የውጭ ምንዛሪ በገበያ እንዲወሰን ከተደረገ ወዲህ፣ 57 ብር ገደማ የነበረው ዶላር በጥቂት ሳምንታት ውስጥ 100 ብርን አልፏል። እንግዲህ ከሁሉ ርካሹ ስብስብ እንኳ ማጓጓዣና ቀረጥ ሳይጨመርበት ከ10,000 ብር በላይ ሆነ ማለት ነው። ለሞጣ አስተማሪ ወይም ትምህርቱን ጨርሶ ሥራ ለሚፈልግ የብቸና ወጣት ይህ ቀልድ አይደለም። በአገራችን ይህ ሙያ በፈረንጅ ዕቃ ሲሠራበት የኖረው በባሌ ተራሮች ነው። እ.ኤ.አ. በ1960ዎቹ ከኬንያ የመጣው ትራውት የተባለ ዓሣ እንደ ዌብና ዳንካ ባሉ ቀዝቃዛ ወንዞች ተራብቶ፣ የሚያጠምዱትም በብዛት ዘንጋቸውን በሻንጣ ይዘው የሚመጡ እንግዶች ናቸው። ከዚህ የተነሣ ሙያው የሀብታም ጨዋታ ነው የሚል አስተያየት ሥር ሰደደ። እኔ ግን ውድ የሆነው ዕቃው እንጂ ሙያው አይደለም እላለሁ፤ ገንዘብ ያጠረው ጀማሪ ያለውን ጥቂት ብር ዓሣው ጋ በሚደርሰው ጫፍ ላይ አውጥቶ፣ እጁ የሚይዘውን ጫፍ ከአካባቢው ቢያበጅ ምንም አይጎድልበትም።

ለዚህ ሐሳብ የሞጣ ሰው ቅርብ ምስክር አለው። ከሞጣ ወርዶ ዓባይን ወደ ጎንደር በኩል ያሻግር የነበረው ሰባራ ድልድይ በጣልያን ወረራ ዘመን መካከሉ ከተሰበረ በኋላ፣ መንገደኛ ለብዙ ዓመታት በዚያ ክፍተት ላይ በገመድ እየተጎተተ ይሻገር ነበር። ከወዲህና ከወዲያ የቆመው የድንጋይ ግንብ የቱንም ያህል ቢጸና፣ በዚያች ሰዓት የሰውየው ሕይወት የተንጠለጠለው ገመዱ ላይ ነው። ማጥመጃም እንዲሁ ነው። ዓሣው ዘንጉን አያይም፣ መጠቅለያውን አይነካም፣ የድርጅቱን ስም አያነብም፤ የሚያገኘው መንጠቆውንና የመጨረሻውን አንድ ክንድ ክር ብቻ ነው። የደነዘ መንጠቆ ወይም የተላጠ ክር በ1,000 ዶላር ዘንግ ጫፍ ላይ ቢታሰር ዓሣው ያመልጣል፤ የተሳለ መንጠቆና ጤነኛ ክር በቀርከሃ ላይ ቢታሰር ዓሣው ይወጣል።

ታሪኩም የሚደግፈው ይህንኑ ነው። በሐሰተኛ ዝንብ ስለማጥመድ በጥንት ዘመን ከተጻፉት ሁሉ በግልጽነቱ የሚጠቀሰው፣ ኤሊያን የተባለው ሮማዊ ጸሐፊ እ.ኤ.አ. በ200 አካባቢ ስለ መቄዶንያ ሰዎች የተወው ጽሑፍ ነው። መንጠቆውን በቀይ የበግ ጸጉር ይጠቀልላሉ፣ ሁለት የአውራ ዶሮ ላባ ያስሩበታል፣ ዘንጋቸውም ክራቸውም እያንዳንዱ ሁለት ሜትር እንኳ አይሞላም፤ መጠቅለያ የሚባል ነገር አልነበራቸውም። በእንግሊዝ እ.ኤ.አ. በ1496 የታተመው የማጥመድ መመሪያ አንባቢው ዘንጉን ከእንጨት፣ ክሩን ከፈረስ ጭራ፣ መንጠቆውን ደግሞ የስፌት መርፌ በእሳት አግሎ በማጠፍ ራሱ እንዲሠራ ያስተምራል። በጃፓን ተራሮች ለገበያ ያጠምዱ የነበሩ ሰዎች ቴንካራ በሚሉት ስልት ረጅም ቀርከሃ ጫፍ ላይ ክር አስረው፣ ያለ መጠቅለያ፣ ቤተሰብ ያስተዳድሩ ነበር። ዛሬ መደብር ውስጥ የተደረደረው ዕቃ ሙያውን አልወለደውም፤ ሙያው ለምቾት የጨመረው ነው። ምቾት መልካም ነገር ነው፣ ግን መጀመሪያ አይደለም።

ዘንጉን ከቀርከሃ እንጀምር። ኢትዮጵያ ሁለት የቀርከሃ ዝርያዎች አሏት፤ በደጋ የሚበቅለው ውስጡ ክፍት ስለሆነ ቀላል ነው፣ የቆላው ግን ውስጡ ድፍን ስለሆነ ይከብዳል፣ ይጠነክራልም። የደጋው ቀርከሃ በአዊ፣ በእንጅባራ ዙሪያና በጮቄ ተራራ አካባቢ ስለሚበቅል ለምሥራቅ ጎጃም ሰው ሩቅ አይደለም። ፋይበር ግላስ ሳይመጣ በፊት የአውሮፓና የአሜሪካ ታላላቅ ዘንግ ሠሪዎችም የሚመኩት በቻይና ቀርከሃ ነበር፤ ስለዚህ ቀርከሃ የድሃ ምትክ ተደርጎ መታየት የለበትም። ለጀማሪ ከ3 እስከ 4 ሜትር የሚሆን፣ ቀጥ ያለ፣ ጫፉ የትንሽ ጣት ያህል የቀጠነ ግንድ ይበቃል። ለጋው ሲደርቅ ስለሚጨማደድ ሦስት ዓመት ያለፈው ይመረጣል፤ በበጋ ተቆርጦ፣ ፀሐይ ሳይመታው ጥላ ሥር ቀጥ ብሎ ተንጠልጥሎ ለሳምንታት መድረቅ አለበት። የጎበጠውን በለስላሳ የከሰል ሙቀት እያሞቁ ማቅናት ይቻላል። ቀርከሃው ሲወዛወዝ ከጫፉ ጀምሮ እስከ መሐሉ ከተለመጠ ደግ ነው፤ ጫፉ ብቻ የሚንቀጠቀጥ ከሆነ ክሩን አይሸከምም።

ክሩ ከዘንጉ የበለጠ ያሳስባል። ከጅራፉ እንደተማርነው ከወፍራም ወደ ቀጭን መውረድ አለበት። መሰንቆ ሠሪ የፈረስ ጭራ የት እንደሚገኝ ያውቃል፤ ያው ጭራ እዚህም ያገለግላል። የባዝራ ጭራ ሽንት ስለሚነካው ይደክማል ተብሎ በጥንቱ አጥማጆች ዘንድ የወንድ ፈረስ ይመረጥ ነበር። ዘንጉ ጋ አሥራ ሁለት ያህል ጸጉር አንድ ላይ ተገምዶ ይጀመርና እየቀነሰ ወርዶ ጫፉ ላይ ሦስት ወይም አራት ይቀራል። ድር ቢያብር አንበሳ ያስር እንዲሉ፣ ለብቻው የሚበጠሰው ጸጉር አንድ ላይ ሲሆን የሚያስገርም ጉልበት አለው። ርዝመቱ ከዘንጉ ባይበልጥ ለመጀመሪያው ጊዜ ይሻላል። ጫፉ ላይ ደግሞ አንድ ሜትር ያህል ጥሩ የናይለን ክር ይታሰራል። ገንዘብ የሚወጣው እዚህ ነው። ጥቅል ላይ የተጻፈውን ውፍረት አንብቡ፤ 0.20 ሚሊ ሜትር ገደማ የሆነው ሁለት ኪሎ ያህል ይሸከማል፣ ለጀማሪም ይበቃዋል። ፀሐይ ላይ ተሰቅሎ የከረመ ናይለን ስለሚደርቅና ስለሚሰባበር ከሱቅ መስኮት ሳይሆን ከካርቶን ውስጥ የወጣውን ጠይቁ፤ ክንድ ያህል ስባችሁ በጥፍራችሁ መሐል አሳልፉት፣ ሻካራ ከሆነ ተዉት።

መንጠቆ ትንሽ ነገር ስለሆነ ብዙ ሰው ሳይመርጥ ይገዛል። ቁጥሩ በጨመረ ቁጥር መንጠቆው ያንሳል፤ ለዝንብ ከቁጥር 8 እስከ 12 ያለው ይስማማል። ጫፉን በአውራ ጣት ጥፍር ላይ በቀስታ ጎትቱት፤ ከያዘ ስል ነው፣ ከተንሸራተተ አትግዙት። ጫፉ አጠገብ ያለችውን መልሶ የምትይዝ ጥርስ በፒንሳ ማስተኛት ደግሞ ዓሣውንም የራስን ጣትም ያተርፋል። ዝንቧን ለመሥራት ወደ መደብር መሄድ አያሻም። ፍራንክ ሶየር የተባለ የእንግሊዝ ወንዝ ጠባቂ በዓለም ከታወቁት ሐሰተኛ ነፍሳት አንዷን የሠራው በሁለት ነገር ብቻ ነው፤ በአንድ የዱር ወፍ ላባና በቀጭን የመዳብ ሽቦ። ሽቦው ክር ሆኖ ላባውን ያስራል፣ ክብደት ሆኖም ያሰምጣታል። የተቃጠለ የሞተር ጥቅል ወይም አሮጌ ሬዲዮ ውስጥ እንዲህ ያለ ሽቦ ሞልቷል። ላባውስ? ዝንብ የሚሠሩ ሰዎች በውጭ አገር በውድ የሚገዙት ነጠብጣብ ላባ ከገብስማ ዶሮ ላባ ብዙም አይርቅም። ገብስማ፣ ዘግራማ፣ ወሰራ እያልን በስም የምንለየው ዶሮ ሁሉ ጓሮ ውስጥ ያለ የዝንብ መደብር ነው።

ቀሪው ማሠሪያው ነው፤ ብዙ ዓሣ የሚያመልጠው ቋጠሮ ላይ ነውና ቀስ ብሎ መማር ይገባል። ክሩን በመንጠቆው ቀዳዳ አሳልፉና ጭራውን በዋናው ክር ላይ አምስት ጊዜ ጠምጥሙት። ከዚያ ጭራውን መልሳችሁ ቀዳዳው አጠገብ በተፈጠረችው ክፍተት አስገቡት። አሁን ከማጥበቃችሁ በፊት በምራቅ አርጥቡት። ናይለን በደረቁ ሲጠብቅ እርስ በርሱ ተፋትጎ ይሞቃል፣ የሞቀ ናይለንም ግማሽ ጉልበቱን ሊያጣ ይችላል። ቀስ ብላችሁ ሳቡት፤ ጥምጥሞቹ ጎን ለጎን ተደርድረው ሲቀመጡ ትርፉን ቁረጡ። ቁራጩን ኪሳችሁ ውስጥ ክተቱት፤ መስክ ላይ የተጣለ ናይለን የወፍ እግር ያስራል፣ ከሣር ጋር ከብት ሆድ ይገባል።

ይህ ሁሉ ቢሆንም የእኛ ዓሣ ዝንብ ይበላል ወይ የሚል ጥያቄ ይነሣል፤ ተገቢ ጥያቄ ነው። ከጮቄ ተነሥተው ወደ ዓባይ የሚወርዱት እንደ ሙጋና ሱሃ ያሉ ወንዞች ትራውት የላቸውም። የዓባይ ተፋሰስ የሚታወቀው በአምባዛ፣ በቆሮሶና በጣና ዳርቻ ነጭ ዓሣ በሚባለው ወገን ነው። አምባዛ በሪዙ እያሸተተ በጨለማ የሚያድን ስለሆነ ለላባ እምብዛም አይታለልም። ነጭ ዓሣው ግን ሌላ ነው። በደቡብ አፍሪካ የቫልና የኦሬንጅ ወንዞች ውስጥ የሚኖረው የሎውፊሽ የዚሁ ወገን የቅርብ ዘመድ ነው፤ የዚያ አገር ዝንብ ወርዋሪዎች ከትራውት እኩል ይወዱታል። የሚይዙትም አብዛኛውን ጊዜ በረጅም ውርወራ ሳይሆን ከእግራቸው ጥቂት ሜትር ራቅ ብሎ፣ በሽቦ የከበደች ዝንብ ወደ ወንዙ ወለል አስምጠው፣ ዘንጉን ከፍ አድርገው ከውሃው ፍጥነት ጋር እኩል እየተከተሉ ነው። ክሩ ለቅጽበት ቆም ሲል ዘንጉን ቀና ያደርጋሉ። ለዚህ ስልት ረጅም ቀርከሃና አጭር ክር በትክክል የሚስማማ መሣሪያ ነው። ውሃው ጭቃ በሚሆንበት ክረምት ግን ዝንቧን የሚያያት የለም፤ ከኅዳር እስከ ሚያዝያ ወንዙ ሲጠራ ነው ጊዜው። ይህ ለዓሣውም ይበጃል፤ ብዙው የነጭ ዓሣ ወገን ከሐምሌ እስከ ጥቅምት ወደ ገባር ወንዞች ወጥቶ እንቁላሉን ይጥላልና። በጣና እ.ኤ.አ. በ1990ዎቹ የነጭ ዓሣ ብዛት ክፉኛ ያሽቆለቆለው በዚያ ወቅት በወንዝ አፍ ላይ መረብ እየተዘረጋ በመያዙ ጭምር ነው።

ሁለተኛው ተቃውሞ ከጉልበት ይነሣል፤ ትልቅ ዓሣ ቢይዝ መጠቅለያ የሌለው ቀርከሃ ይሰበራል ይባላል። እውነት አለበት። በመጠቅለያ ክር እየለቀቁ ማድከም ይቻላል፣ በቀርከሃ ግን ያለው ክር ያው ነው። መልሱ ያለው የመጨረሻዋ ቀጭን ናይለን ላይ ነው፤ ከዘንጉም ከጭራውም እንድትደክም ሆን ተብሎ ተመርጣለች። ከአቅም በላይ የሆነ ዓሣ ሲመጣ እሷ ትበጠሳለች፣ የሚጠፋውም አንድ መንጠቆ ብቻ ነው። ጀማሪ ደግሞ መሞከር ያለበት በትንንሽ ገባር ወንዞች እንጂ በዓባይ ሸለቆ አይደለም። እዚያ ታች አዞ አለ፣ ውሃውም በድንገት ይሞላል፤ በብዙ ወንዞች ደግሞ ገላን ውሃ ውስጥ ነክሮ መዋል ለቢልሃርዚያ ሊያጋልጥ ይችላል። ረጅም ዘንግ ከዳር ሆኖ ለማጥመድ ማስቻሉ ሌላው ጥቅሙ ነው። ውሃ የማያስገባ ረጅም ሱሪና ኪሱ የበዛ ሰደርያ መግዛትም በዚህ ምክንያት አያስፈልግም። ባርኔጣና መነጽር ግን ግዙ፤ ወደ ኋላ የሄደ መንጠቆ ሲመለስ ዓይን አይለይም።

ሦስተኛው ተቃውሞ ከሁሉ ይከብዳል፤ ዓሣ ለሚበላ ሰው ይህ ሁሉ ድካም ለምን? መረብ አለ፣ ትል አለ፣ ብርብራም አለ ይባላል። ትሉን አልቃወምም፤ ለምግብ ለሚያጠምድ ሰው ያው ቀርከሃና ያው መንጠቆ በትልም ይሠራል፣ ይህም ከአካባቢ የተሠራ ዕቃ ሌላው ብልጫው ነው። ነገር ግን ትል የዋጠ ዓሣ መንጠቆው ሆዱ ስለሚገባ ትንሽ ቢሆንም መልሶ ለመልቀቅ ያስቸግራል፤ ዝንብ የነከሰው ከንፈሩ ላይ ስለሚያዝ ጫጩቱ ይመለሳል፣ የደረሰው ይወሰዳል። ብርብራ ግን የተለየ ነገር ነው። ፍሬው ተወቅጦ ውሃ ውስጥ ሲበተን በውስጡ ያለው ሮቴኖን በስንጥቡ በኩል ገብቶ የዓሣው ሰውነት የወሰደውን አየር እንዳይጠቀምበት ያደርጋል፤ ትልቁም ትንሹም፣ ዓሣው የሚመገባቸው የውሃ ነፍሳትም አብረው ያልቃሉ። በአንድ ከሰዓት የተገኘ ቅርጫት ዓሣ የብዙ ዓመት ወንዝ ዋጋ ሊያስከፍል ይችላል። አዋጅ ቁጥር 315/1995 የአገሪቱን የዓሣ ሀብት ጉዳይ በሕግ አስሮታል፤ ወደ ወንዝ ከመውረድ በፊት የወረዳውን ግብርና ጽሕፈት ቤት ምን እንደሚፈቀድ መጠየቅ ከመንጠቆ መግዛት የሚቀድም ርካሽ ዝግጅት ነው።

ዘመድ ከውጭ ዘንግ ቢልክስ? መልካም ነው፤ ግን ምን እንደሚላክ ይነገረው። ርዝመቱ 2 ሜትር ከ70፣ ቁጥሩ 5 ወይም 6፣ አራት ቦታ ተከፍሎ በሻንጣ የሚገባ ይሁን። ገንዘቡ ሲመደብ ክሩ ይቅደም፣ ዘንጉ ይከተል፣ መጠቅለያው መጨረሻ ይምጣ፤ ለዚህ አካባቢ ዓሣ መጠቅለያ የክር ማስቀመጫ ከመሆን ብዙም አያልፍም። ክሩ ውሃ ላይ የሚንሳፈፈው ዓይነት መሆን አለበት። ለስም ብቻ ከሚጨመረው ገንዘብ ይልቅ ሁለተኛ ጥቅል ናይለንና ሃምሳ መንጠቆ ቢታከል ለጀማሪው ይበልጥ ይጠቅመዋል፤ እነዚህ ያልቃሉ፣ ዘንግ ግን በጥንቃቄ ከተያዘ ለልጅ ይተርፋል።

ከእጅ የሚሠራ ዕቃ ጀማሪውን ሌላ ነገርም ያስተምረዋል። ክሩን ራሱ የገመደ ሰው የት እንደሚደክም ያውቃል፤ ዝንቧን ራሱ ያሰረ ሰው ድንጋይ ገልብጦ ውሃ ውስጥ ምን ዓይነት ነፍሳት እንደሚኖሩ ማየት ይጀምራል፤ ዓሣው ምን እንደሚበላ ያየ ሰው ደግሞ ብርብራ የሚበትን እጅ ሲያይ ዝም ለማለት ይከብደዋል። ዕቃን በጥቂት ገንዘብ ማሟላት ከኪስ ጉዳይ የሚያልፈው በዚህ ነው። ስለዚህ ለመጀመሪያው በጋ ዕቅዱ ቀላል ነው፤ አንድ የደረቀ ቀርከሃ፣ አንድ የተገመደ ጭራ፣ አንድ ጥቅል ጤነኛ ናይለን፣ ጥቂት ስል መንጠቆ፣ ከገብስማው ዶሮ የተለቀመ ላባ። ነሐሴ ላይ ጅራፍ ሲያጮህ የነበረው ልጅ ውርወራውን በግማሽ ቀን ይለምደዋል፤ የሚቀረው ጫፉን ሳያስጮኽ ማሳረፍ ነው። ዓሣ ባመለጠው ቁጥርም ወደ ዘንጉ ከማየቱ በፊት የክሩን ጫፍ ይዳስስ፣ ቋጠሮውን ይፈትሽ፣ የመንጠቆውን ስለት በጥፍሩ ይሞክር። ድክመቱ ያለው እዚያ ነው፤ መድኃኒቱም በጥቂት ብር ይገዛል።